ደብረ ማርቆስ አካባቢ ውል ለመዋዋል ላሰቡ ሁሉ የተሰጠ ቅን ምክር

አንባቢ ሆይ፣ ጎጃም ደጋ ላይ ውል ለመዋዋል ካሰቡ መጀመሪያ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። እነሱ ይደርሳሉ። ቀድመው ማዘጋጀት ያለብዎት ሰው ነው። ሰውየው ሸምገል ያለ፣ አገር የሚያከብረው፣ ለሁለቱም ወገን ዘመድ ያልሆነ (ይህ ጎዛምን ውስጥ ቀላል አይደለም)፣ ነገር ሲመጣ ደግሞ «ነበርኩ፣ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» ብሎ ለመቆም ዕድሜና ጤና የተረፈው ሊሆን ይገባል። ሽምግልናና የተረፈ ዕድሜ አብረው አይገኙም ካሉኝ ልክ ነዎት። የውል ሕግ ታሪክ ግማሹ ይህን አንድ ችግር ለመወጣት የተደረገ ድካም ነው፤ ጥሩ ምስክር ይሞታል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ ርስት ሲሸጥ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ፣ ነገሩ በደብሩ መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። ማን ለማን እንደሸጠ፣ በስንት ወርቅ ወይም በስንት አሞሌ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ እማኞቹ እነማን እንደነበሩ፣ በማን ንግሥና እንደተደረገ ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይታሰራል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያቋቋመችውን ሞጣ ጊዮርጊስን የመሰሉ ደብሮች የመሬት መዝገቦች ዛሬም የታሪክ ሰዎች የሚያገላብጧቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዘዴው ድንቅ ነው፤ እንዲሞክሩት ግን አልመክርም። የውኃ ፓምፕ ተከራይቼ የደብሩን ወንጌል አውጡልኝ ቢሉ ዕቃ ቤት ጠባቂው ይታዘብዎታል። ኅዳጉም በቀደሙት ተዋዋዮች ተይዟል።

ሁለተኛው ዝግጅት ንባብ ነው። ፍትሐ ነገሥትን ያንብቡ፤ ቢያንስ «አንብቤዋለሁ» ለማለት የሚያበቃዎትን ያህል። ግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል አሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ያሰናዳው፣ በኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 22 የመንፈሳዊ ጉዳይ ሲሆኑ የቀሩት የሥጋዊ ናቸው። ሽያጭ፣ ብድር፣ መያዣ፣ አደራ፣ ዋስትና፣ ኪራይ፣ ሽርክና ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ከሥጋዊው ክፍል ብዙው ምንጩ የሮማውያን ሕግ ነው፤ በቁስጥንጥንያ ዞሮ፣ በግብፅ አድርጎ ነው የደረሰን። እናም «ዘመናዊ የውል ሕግ በጃንሆይ ጊዜ ከፈረንጅ አገር መጣ» የሚል የተማረ ሰው ቡና ላይ ቢገጥምዎት በትሕትና ያርሙት። ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት ያው ሕግ ጥምጥም አሥሮ፣ ግዕዝ ተምሮ ደርሶ ነበር።

ከንባቡ በኋላ መሐላ ይለማመዱ። በደጋው ሰው ዘንድ ቃል ከባድ ነገር ነው፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሕዝብ ቀልድ አያውቅም። ቃል የሚታሰረው ግን በስም ነው። በንጉሡ ስም «ይሙት» ተብሎ የተማለ ነገር ሲፈርስ ጉዳዩ በሁለት ሰዎች መካከል መሆኑ ቀርቶ የንጉሡ ጉዳይ ይሆናል። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ቤተ መንግሥታቸው የነበረባት፣ ያን ጊዜ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ፣ የዚህ ዓይነት ክርክር ከየአቅጣጫው የሚወጣባት ነበረች። ተሟጋቹ ቆሞ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ በላ ልበልሃ ይላል፤ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዳል። ማር መወራረድ እንደቀረ አውቃለሁ። የዛሬውን የዳኝነት ክፍያ ሳይ ግን ማሩ የረከሰ ይመስለኛል።

የዚያን ዘመን አፈጻጸምም አይናቁት። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር፤ በኩታ ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከዛሬው የአፈጻጸም መዝገብ ጋር ሲተያይ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ባለዕዳው የት እንዳለ ሁልጊዜ ይታወቃል። ጉድለቱ አበዳሪውም ከዚያ ንቅንቅ አለማለቱ ነው።

አሁን ዋስ ይጥሩ። «ለማንኛውም እኔ አለሁ!» የሚል ሰው በደጋው አይጠፋም። አቅፈው ይሳሙትና፣ ስንት ብር ድረስ እንዳለ ይጠይቁት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሰውየው መላ ክብሩን አስይዞ ሳለ «እስከ 20,000 ብር» ብለው ሲጽፉበት ሊቀየም ይችላል። እኔን በዚህ ገመትከኝ? ይልዎታል። ሕጉ ዋሱን ከጥፋት ሊጠብቀው ነው ብለው ያስረዱት። አይገባውም፤ ቢገባውም አይቀበለውም። ልማዱ ዋሱን የሚፈልገው ሙሉውን ነው፤ ሕጉ ደግሞ በልክ። የብድርና ቁጠባ ተቋማት ገበሬውን በቡድን ዋስትና ማበደር ሲጀምሩ ነገሩ ቶሎ የገባው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጎረቤት ለጎረቤት መታሰሩ ለእሱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ተቋሙ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ከመማል እንዲቆጠቡ አደራ እላለሁ። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሳዩን መከራ መነሻው ምንድን ነው? የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት ከቆየላቸው ለእግዚአብሔር እንደሚሰጡት፣ ትዳርም እንደማይዝ ተሳሉ። ግዴታው የወደቀው ባልተጠየቀው ሕፃን ላይ ነው። ልቦለዱ ሲታተም ዘመኑ 1958 ነበር፤ በዚያን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ዓመታት አልፈውት ነበር። ቁጥር 1952 ውል የሚያስረው ራሳቸው ተዋዋዮቹን ነው ይላል። በዛብህ ያን ጊዜ ጎበዝ ጠበቃ ቢያገኝ ኖሮ ሰብለወንጌልን አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ እኛም አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዘን እንቀር ነበር። ጠበቆች በሥነ ጽሑፍ ላይ ሊያደርሱት የሚችሉት ጉዳት በቂ ትኩረት አላገኘም።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር መጥቶ የገባበትን መንገድ ልንገርዎት። በ1946 ዓ.ም. የሕግ ማርቀቅ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። የወንጀለኛ መቅጫው ለስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን፣ ፍትሐ ብሔሩ ለፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ተሰጠ። ዳቪድ ኢትዮጵያ ሕጓን ከልማዷ ላይ ቀስ በቀስ እስክታበቅል ሦስትና አምስት መቶ ዓመት መጠበቅ አይቻላትም የሚል አቋም ነበራቸው፤ እሳቸውም ዓመታት ብቻ ፈጅተው 3367 ቁጥሮች ያሉት ሕግ አሰናዱ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። መጨረሻው ላይ፣ ቁጥር 3347፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ በጽሑፍም በልማድም የነበረው ደንብ ሁሉ ተሽሯል ይላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር! ዋሱ፣ ግዝቱ፣ ይሙቱ፣ ቁራኛው ሁሉ በዚያች መስመር ተጠርጎ ወጣ። ልማድ ግን ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም።

እንግዲህ አሁን ወረቀቱን ማውጣት ይችላሉ። ወደ ፍርድ ቤቱ በር ይሂዱ፤ ዣንጥላ ሥር የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ያገኙታል። ጉዳይዎን ሲጨርሱ የሚጽፈውን ማሰሪያ ልብ ብለው ያዳምጡ። ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው፤ ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ውል ላከበረ ደግሞ ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል። ይህ ማሰሪያ የበሬ ሽያጭ ላይም፣ የቤት ኪራይ ላይም፣ የባሕር ዛፍ ግዢ ላይም፣ ባልና ሚስት «ከእንግዲህ አንጣላም» ብለው በሚፈራረሙት ወረቀት ላይም አይቀርም።

ቁጥር 1731ን ማቃለል አይገባም። በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው የሚለው ሐሳብ የተቀመጠበት ነው። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር በቀጥታ ወደ 1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ቁጥር 1134 ይወጣል፤ ከዚያም ላይ ቃሉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደጻፈው ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ዣን ዶማ ይደርሳል። ስለዚህ የሰናን ገበሬ ረቡዕ ገበያ ላይ አንድ በግ በዱቤ ገዝቶ ሲፈርም ሳያውቀው ናፖሊዮንን ዋስ ይጠራል። ጸሐፊውን «2005 ምን ይላል?» ብለው አይጠይቁት። ቁጥሩ በትክክል የገባ ነው፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ይዘቱና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። መጠየቅዎ ግን ነገሩን ያራክሰዋል። ድርሳን የሚደግም ቄስ አስቁመው ሰዋስው አይጠይቁም።

የተማሩ ሰዎች በዚህ ሲስቁ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የራፖር ጸሐፊው ወገን ነኝ። እሱ የሕጉን ቁጥር የሚጽፈው ድሮ የንጉሡ ስም በሚጠራበት ቦታ ላይ ነው፤ የገባውም ያ ነው። ለመንግሥት የሚከፈለው ገደብም የመጣው ከዚያው ነው። ቁጥር 1889 ተዋዋዮች አስቀድመው ሊተምኑት ይችላሉ የሚለው ተጎጂው ወገን የሚያገኘውን ካሳ ነው፤ በግለሰቦች ውል መፍረስ መንግሥት ገንዘብ ይቀበላል አይልም። ጸሐፊው ግን ውል ሲፈርስ የሚቀየም አንድ ትልቅ ሰው መኖር አለበት ብሎ ያምናል። ንጉሡ ሄደዋል፤ ስለዚህ 1731 ተቀምጧል። በሕግ አምላክ ሲባል መንገደኛው ሁሉ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት አገር ሕግ ስም ያለው ነገር ነው፤ ስሙን መጥራት ደግሞ የማንበብን ያህል ሥራ ይሠራል። ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ቁጥሮቹን አይቆጥቡ። 1675ን ለመግቢያ፣ 1678ን ለማጠናከሪያ ያክሉ። ሽያጭ ከሆነ 2266 ያምራል።

ዳቪድ ሳያውቁት ይሁን አውቀው፣ ሕጋቸው ራሱ ሽማግሌውን በጓሮ በር መልሶ አስገብቶታል። በፈረንሳይ ሁለት ሰዎች በግላቸው የሚፈራረሙት ወረቀት ምስክር አይፈልግም። የእኛው ቁጥር 1727 ግን በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ካልተረጋገጠ አይጸናም ይላል። ቁጥር 1729 ደግሞ ምስክሩ አካለ መጠን የደረሰ ይሁን እንጂ ወንድም ሴትም መሆን ይችላል ይላል፤ ይህ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ደጋው ግን እስከ ዛሬ ምስክር ሲባል ዓይኑ ጋቢ ይፈልጋል። እርስዎ እማማን ይጥሩ፤ ከአባባ የተሻለ ያስታውሳሉ።

ብድር ከሆነ ጉዳይዎ፣ በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለበዓል አንድ ዶሮ አይገዛም፤ ቁጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ ለጎረቤትዎ የዶሮ መግዣ ሲያበድሩ ወረቀት ያዘጋጁ፣ ሁለት ምስክር ይጥሩ፣ ምስክሮቹንም ምሳ ያብሉ። ምሳው ከብድሩ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ሕግ አክባሪነት ያስወጣል።

በሬ ተራ ሲደርሱ ቀብድ መስጠትን አይፍሩ፤ ቀብድ ውል መኖሩን ያስረዳል (1883)። ከሰጡ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ቀብዱ ይቀራል፤ ሻጩ ከቀየረ ደግሞ የተቀበለውን አጥፎ ይመልሳል (1885)። 5,000 ብር የተቀበለ 10,000 ይቆጥራል ማለት ነው። ይህን ለሻጩ ያስረዱት። እሱም በሙሉ አክብሮት ካዳመጠዎት በኋላ 5,000ውን ይመልስልዎትና ሚስቴ አይሆንም አለች ይልዎታል። ያን ጊዜ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ከበሬ ተራው ማን ማን እንዳየዎት ያስታውሱ፤ የሚያዋጣዎት ሰውየው በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ሲቆም የሚያፍራቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። ዝም ቢልዎትም እሺ ብሏል ብለው አይቁጠሩት። ቁጥር 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። ይህ ሕግ ጋብቻ ለመጠየቅ በሄዱ ሽማግሌዎች ፊት የሴት ልጅ አባት የሚያሳየውን ዝምታ ዓይቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሦስት ንዑስ ቁጥር ይጨምር ነበር።

ቤት ከሆነ የሚገዙት ቀልዱን ላቁም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። ለዓመታት ብዙ ሰው በመንደር ውል ሲሸጥና ሲገዛ ኖሮ፣ በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ በሕግ ፊት ውል አይባልም አለ። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስር ነበር። የቤት ዋጋ እየናረ ነበርና፣ ሸጠው ገንዘቡን የበሉ ሰዎች ድንገት የሥርዓተ ጽሑፍ ተቆርቋሪ ሆኑ። በሽማግሌ ፊት የማለ፣ የፈረመ፣ ገንዘብ የቆጠረ ሻጭ «ውሉ አልተመዘገበም» ሲል፣ በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ የሚለው አባባል ይገለበጣል፤ በቅሎዋ የሄደችው በሕግ ነው፤ የሚያስቆጨውም እሷው ናት። ይመዝገቡ። ወረፋ ቢኖርም ይመዝገቡ።

መሬት ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ምክሬ ትዕግሥት ይጠይቃል። አያትዎ ገንዘብ ሲቸግራቸው ማሳቸውን ለወለድ አገድ ይሰጡ ነበር። አበዳሪው ወለድ አይቀበልም፤ ፍትሐ ነገሥት ወለድን ስለሚያወግዝ ሰውየው ነፍሱን ይጠብቃል። ዕዳው እስኪከፈል ማሳውን ያርሳል፣ ምርቱንም ይበላል፤ ያ ደግሞ ወለድ አይባልም። የ1952ቱ ሕግ ይህንኑ ተቀብሎ ቦታ ሰጠው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ፣ ግብሩን ተከትሎ ቀላድ ይመጣል፣ ርስታችን ይለካል ብሎ የሰጋው ጎጃም በጠመንጃ ተነሳ፤ አመፁ ዘልቆ፣ መንግሥትም አውሮፕላን ልኮ፣ በኋላ ግን ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። ስለዚህ ወደ ገበሬው ማሳ ለመዋዋል ሲሄዱ ሜትር አይያዙ። እግርዎ ይበቃል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 መጣ። መሬት በሽያጭ፣ በልውጥ፣ በመያዣ፣ በወለድ አገድ፣ በኪራይ ማስተላለፍ ተከለከለ። ወለድ አገድ በስሙ ተጠርቶ የተከለከለው ያን ጊዜ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። በ1989 በክልሉ ሽግሽግ ተደረገና ከቀደመው ሥርዓት ጋር ተነካክታችኋል የተባሉ ሰዎች ማሳ ለሌላ ተሰጠ፤ በማሳው ላይ የነበረ ውል ሁሉ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጎዛምን ውስጥ አዲስና ጉሊት ቀበሌ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሞከሪያ ሆነች፤ ገበሬው ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ያዘ። የ1998ቱ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133 ኪራይን እስከ 25 ዓመት ፈቀደ፤ እሱም በ2009 በአዋጅ ቁጥር 252 ተተካ።

በዚህ ሁሉ መካከል ማሳው ከቦታው አልሄደም፤ የሚቸገረውም፣ የሚያበድረውም አልጠፋም። ስሙ ብቻ ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ እኩል፣ አንድ ጊዜ ኪራይ፣ አንድ ጊዜም ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው የሚፈርሙት «ስጦታ»። ይህን አድርጉ አልልም፤ ተደርጎ ሲገኝ ግን እንደ ሕግ ተማሪ አይደንግጡ። ስለ መንግሥት አዋጅ ራሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ አስተያየት አለው። ቁጥር 1793 ባለዕዳውን ነጻ የሚያወጡ ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮችን ሲዘረዝር የመንግሥትን ክልከላ ከመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከመብረቅና ከጎርፍ ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎታል። የጎጃም ገበሬ ይህን ዝርዝር ሲሰማ ራሱ ያረቀቀው ሊመስለው ይችላል። ዝርዝሩ ጦርነትንም ይጨምራል፤ በእሱ ላይ ግን በዚህ ዘመን ልቀልድ አልችልም። የጤፍ መወደድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቁጥር 1764 ነገሩ ከታሰበው ይልቅ ከባድ ስለሆነ ብቻ ውል አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ጤፍ በኩንታል ለማስረከብ ሲዋዋሉ ዋጋውን አይተው፣ ከዚያ ደግሞ አይተው ይፈርሙ።

መጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ አውራ ጣት አለ። እዚህ ላይ ሕጉ ያልተጠበቀ ደግነት ያሳያል። በቁጥር 1728 መሠረት መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ሥውር ሰው ያተመው አውራ ጣት ሰውየውን የሚያስረው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ያረጋገጠው እንደሆነ ነው። ያልገባው ነገር ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ቢያንስ አንድ ባለሥልጣን ፊት ያሳርፍ ነው ነገሩ። ቀጥሎ 1710 አለ፤ የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት ተጠቅሞ የተገኘ ሚዛኑ ያዘነበለ ውል ሊፈርስ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ቁጥሮች ከ1731 ጎን ቢጽፏቸው ጥሩ ነበር፤ ራፖር ጸሐፊው ግን አይወዳቸውም፤ የሚያጸኑ ሳይሆኑ የሚያፈርሱ ናቸውና።

አሁን አውራ ጣቱ ወደ ስልኩ ተዛውሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ የሚደረግ ውል በዚያ ምክንያት ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል፤ ቴሌብርም በ2014 በስልክ ማበደር ጀመረ። ቁልቁል የሚወርድ ጽሑፍ ይመጣል፣ ግርጌው ላይ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ጣት ያርፋል፣ ብሩ ይገባል። ዋስ የለ፣ እማኝ የለ፣ ግዝት የለ። ለዚህም ምክር አለኝ። ብድሩን ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ያስቀምጡ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ «ሰውየው ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቁዎታል፤ ስልኩን አዙረው ያሳዩአቸው።